ድንጋይ ላይ ያቆምኳት አሻንጉሊት

ሸዋሮቢት ተመድቤ የማስተምር ሰው ነኝ። የጃፓን ካርቱን ላይ ያለች የምትመስል ትንሽ አሻንጉሊት አለችኝ። ወንዝ ዳር እያቆምኩ ፎቶ አነሳትና "አስጎብኚያችን" ብዬ ቴሌግራም ላይ እለጥፋታለሁ።

የሰሞኑ ጎርፍ በጎደለ ማግስት ድንጋይ ላይ አቁሜያት፣ በሆዴ ተኝቼ ፎቶ ሳነሳት አንድ ሽማግሌ ገበሬ እያለከለኩ መጡ።

"ያ ረቢ፣ የት አገኘሃት?"

"ገዝቼያት ነው፣ አባባ።"

ለካ እዚህ አገር ወንዝ የተፋውን ዕቃ ያገኘ ሰው ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ፎቶ የሚያነሳው ባለቤቱ እንዲፈለግ ነው።

ከድንጋዩ ላይ አነሷትና ቀይ ጫማዋን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"የኔዋ ጫማ አላደረገችም ነበር" አሉ።

ከተኛሁበት ብድግ አልኩ። "የልጅዎ አሻንጉሊት ጠፍታባት ነው?"

ቀስ ብለው ድንጋዩ ላይ መልሰው አቆሟት።

"አይ። ልጄን ነው የምፈልገው።"