የወንዶቹ ክርና የሴቶቹ ክር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሲፈን ጊታር ይዛ ቤት ገባች። ገና ከቦርሳው ሳታወጣው "ቀስ፣ የበሩ ጠርዝ እንዳይነካው" አልኳት። እንዲህ ነኝ፤ ልጆቼን ሁሉ ያሳደግኩት "ቀስ" እያልኩ ነው፤ ይኸው እስካሁን አልተውኩትም። ሦስት ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስትታገለው ሰነበተችና በአራተኛው ቀን የግራ እጇን ጣቶች ዘርግታ መጣች። ጫፎቻቸው ቀልተው በክሩ ልክ ተሰርጉደዋል።

"አዮ፣ ይሄ ጊታር አይረባም" አለችኝ። እኛ ዘንድ አዮ እናትም ናት፣ አያትም ናት። "ጥሩ ጊታር ጣት አያሳምምም አሉ። ጥሩው ራሱ ይታዘዛል።"

ጣቶቿን ለብ ባለ ውሃ ነከርኩላትና ፊቴን አዙሬ ሳቅኩ። በእሷ አልሳቅኩም። ከሃምሳ ምናምን ዓመት በፊት፣ ጊታር ብርድ እንዳይመታው በጋቢ ጠቅልዬ ስሸከም ራሴን አይቼ ነው።

ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ የምንኖረው እዚሁ ነቀምት። አባቴ ከጎጃም የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እናቴ እዚሁ ቅርብ ካለችው ከጉቴ መንደር ናት፣ ከነቤተሰቧ ወንጌል አማኝ። አባቴ በአማርኛ ይቆጣል፣ እናቴ በኦሮምኛ ታባብላለች፤ ሲጣሉ ደግሞ ቋንቋ ይለዋወጣሉ። እኔ እስከ አምስተኛ ክፍል ተምሬ አቆምኩና እናቴን ገበያ አግዝ ነበር። አባቴ ግድግዳ ላይ የሚሰቅላት አንዲት ክራር ነበረችው። እሁድ ከሰዓት ያወርዳትና፣ ሳምንቱን ሙሉ መርፌ ሲወጋጋው የከረመ ጣቱ ክሩን ማጥበቅ ሲያቅተው፣ "ነይ እስኪ ቃኝልኝ" ይለኛል። እኔ እቃኛለሁ፣ እሱ ይጫወታል። እሱ በሌለ ጊዜ ደግሞ እኔም እጫወታለሁ። እናቴ ክራር የጠጅ ቤት ነው ብላ ስለምታምን ነገሩ ከደጃፋችን እንዳይወጣ አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ አብሬያቸው የምዘምረው የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ስለ ጆሮዬ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የሚያውቁኝ ብርጭቆ ሰብራ የማታውቅ ልጅ በመሆኔ ነው።

ጊታሩም እኔ ጋ የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ አስተማሪ ወደ ሌላ አውራጃ ሲዛወር ለመዘምራኑ ትቶልን ሄደ። ከመሄዱ በፊት ቃኝቶ ሰጠን፣ በግራ እጅ ሦስት ቦታ እንዴት እንደሚጫን አሳየንና "የቀረውን ጊታሩ ራሱ ያስተምራችኋል" አለን። ይህን ቃል በቃል ያመንነው ይመስለኛል። ዕቃው ማን ጋ ይቀመጥ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ደስታዬና ጭንቀቴ እኩል ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ቅቤ ቀባሁት። አትሳቁ፤ እንጨት ነው። እናቴ አዲስ የእንጨት ገበታ ቅቤ ሳይጠጣ ከተቀመጠ ይሰነጠቃል ትል ነበር፤ እኔም ጀርባውን፣ ጎኑን፣ አንገቱን ሳይቀር አሸሁት። በሚቀጥለው ልምምድ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ቅቤውን አቀለጠችው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አናጺው ኦቦ ጉተማ (ኦቦ በእኛ አቶ ነው)፣ በራፉ ላይ ቆም ብለው አሸተቱና ምሳ ያመጣው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ጊታሩን የያዘው የቶለራ ግራ እጅ ከአንገቱ ላይ ሙልጭ እያለ ይወርድ ነበር።

ቶለራ የመዘምራኑ ጊታር መቺ ነው። የተመረጠው አንድ ክረምት አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ከርሞ ጊታር ሲመታ በሩቁ ስላየ ነው። በሩቁ ያየ ሰው ደግሞ የሚያውቀው ብዙ ነው። ጊታር መጫወት ማለት ግራ እጅን ሳያቋርጡ ላይ ታች ማስሮጥ ነው ይል ነበር፤ እጁ አንድ ቦታ የሚቆም ሰው ሰነፍ ነው። መሐል ላይ ያለው ቀዳዳ ድምፅ እንዲጎላ ጎንበስ ብለው የሚዘምሩበት ነው ብሎን፣ አንድ ወር ሙሉ ተራ በተራ ቀዳዳው ውስጥ ዘመርን። ጥቁር መነጽርም የግድ ነው አለ። እሱ ያየው ተጫዋች አድርጎ ነበርና። ለምን ብለን ስንጠይቀው ግን ክሩ ድንገት ቢበጠስ ዓይን ያወጣል ብሎ መለሰ። መነጽሩን ከየት እንዳገኘው እንጃ፤ ደመናም ሆነ ዝናብ ሳያደርገው አይመጣም።

ከሁሉ የባሰው ስለ ክሮቹ ያወጣው ሕግ ነው። ሦስቱ ወፍራም፣ ሦስቱ ቀጭን ናቸው፤ ወፍራሞቹ የወንዶች፣ ቀጭኖቹ የሴቶች ናቸው አለ። ድምፃቸውን ስሙት፣ ግልጽ አይደለም ወይ አለን። ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ስለዚህ የሴቶች ተራ ሲደርስ ጊታሩ ወደ እኔ ይተላለፋል፤ እኔም ሦስቱን ቀጫጭኖች ብቻ እነካለሁ። አንድ ቀን ጣቴ ስቶ አራተኛውን ሲነካ ቶለራ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ዝቅ አድርጎ "ያ የእኛ ነው" አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት።

የእኔ ትልቁ ስህተት ሌላ ነበር። ክሮቹ ተወጥረው ማደራቸው ያሳዝነኝ ነበር። በሬ እንኳ ሲመሽ ከቀንበር ይፈታል። ስለዚህ ቤት ስደርስ ስድስቱንም አላላቸዋለሁ፤ ጠዋት ደግሞ አስተማሪው የተወልንን ድምፅ በጆሮዬ ይዤ መልሼ እወጥራቸዋለሁ። በዚያች ጠዋት የወንዶቹንም የሴቶቹንም እነካለሁ፤ የሚያየኝ የለም። ቶለራ ጊታሩን ሁልጊዜ ተቃኝቶ ሲያገኘው "እጄን ለምዷል፣ ባለቤቱን ያውቃል" ይላል።

በዚህ መካከል ሽማግሌዎቹ ተከፈሉ። ገሚሶቹ ጊታር የጭፈራ ቤት ዕቃ ነው፣ ከመዝሙር ጋር አይሄድም አሉ። ሌሎቹ ዕቃ ምን ኃጢአት አለው አሉ። ኦቦ ጉተማ መሐል ገቡ። በጥቅምት፣ ከነቀምት በእግር በሚደረስባት በዲጋ የአካባቢው ምእመናን ይሰበሰባሉ፤ በዚያ በሕዝብ ፊት አንድ ጊዜ ይሰማ፣ መዝሙሩን ካገዘ ይቆያል፣ ካደናቀፈ ለአስተማሪው ይመለሳል ብለው ቆረጡ። ጊታሩ ቢሄድ ሌሎቹ የሚያጡት አንድ ዕቃ ነው። እኔ የማጣው ጠዋቴን ነው። የአባቴ ክራር ከቤት አትወጣም፤ ጊታሩም ከሄደ በሰው ፊት ክር የምነካበት ቀን አይመጣም።

ወደ ዲጋ የሄድነው በእግር ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ ቀዩ ጭቃ ግን ገና እግር ይይዛል። የኑጉ ማሳ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ንቡ ይጮኻል። ጎህ ሲቀድ ስለተነሳን የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን እንሄዳለን። ጊታሩን በአባቴ ጋቢ ጠቅልዬ እኔው አቅፌዋለሁ። አንዲት ሴትዮ ከማሳዋ ቀና ብላ ሕፃኑ ታሞ እንደሆነ ብትጠይቅ፣ ቶለራ ደህና ነው፣ ብርድ እንዳይመታው ብለን ነው አላት። ሴትዮዋ እግዜር ያሳድግላችሁ ብላ መረቀችን። እናቴ ከኋላችን ከሴቶቹ ጋር ነበረች፤ ሁሉም ሲስቁ እሷ አልሳቀችም። ከጊታሩ ጋር ያለኝን ነገር አትወደውም ነበር።

ዲጋ ስንደርስ ዳሱ ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ በትራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። ጥግ ይዤ ክሮቹን ወጠርኩ። ከሁሉ የቀጠነችው መቃኛው ሥር ሻከር አለችኝ። ግን ለማን ይነገራል።

ተራችን ደረሰ። ቶለራ መነጽሩን አድርጎ ጊታሩን ታቅፎ ተቀመጠ፤ የግራ እጁን ላይ ታች ማስሮጥ ጀመረ፣ በቀኙ ክሮቹን ገረፋቸው። የመጀመሪያውን ስንኝ ሳንጨርስ ቀጭኗ ክር ጧ ብላ ተበጠሰችና ተወርውራ መነጽሩን መታችው። መዝሙሩ ቆመ። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ቶለራ መነጽሩን አውልቆ ጭረቱን አየና ወደ እኛ ዞሮ በሹክሹክታ፣ "አላልኳችሁም?" አለ።

በሕይወቴ የዚያን ዕለት ያህል ትክክል ሆኖ የተዋረደ ሰው አላየሁም።

ከዚያ ስድስት ክር ከሌለው ጊታር አይደለም፣ ሞቷል ብሎ አቀበለኝ። እንድጠቀልለው ነው። ጋቢውን አነሳሁ። ከፊት ከተቀመጡት አንዱ ሽማግሌ ጎናቸው ላለው በአገጫቸው ምልክት ሲሰጡ አየሁ፤ አላልኩም ነበር ዓይነት ነው። ጎንበስ ብዬ ክሮቹን ሳይ ግን አምስት ናቸው። የአባቴ ክራርም አምስት ክር ነው ያላት።

እንዴት እንደደፈርኩ እስካሁን አላውቅም። ጋቢውን ምንጣፍ አደረግኩና ተቀመጥኩ፤ ጊታሩን እንደ ክራር ጭኔ ላይ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ቀጫጭኖቹን አላላሁ። መሐለኛውን ትንሽ ዝቅ አደረግኩ። ቀጥሎ ያለውን እንዳለ ተውኩት። የቀረው ከሁሉ ወፍራሙ ነው፣ የወንዶቹ አውራ፤ እሱን ማጥበቅ ነበረብኝ። መቃኛውን ባዞርኩ ቁጥር ክሩ ያቃስታል። ቢበጠስ የእኔም ፊት ይሄዳል፣ መነጽር የለኝም። ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

ኦቦ ጉተማ ከወንበራቸው ጎንበስ አሉ። "ማል ጎታ፣ ኢንታላ ኮ? ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?"

"እየቃኘሁ ነው ኦቦ።"

ጥቂት አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሕዝቡ አንስተው ዝም አሰኙና "ቃኚያ" አሉኝ።

ክሩ ሲደርስልኝ በጥፍሬ አንድ በአንድ ነካኋቸው። በልምምድ ላይ ቶለራ ሲያሯሩጠው የኖረውን መዝሙር ቀስ አድርጌ አወጣሁት። ቃሉ የእኛ ነው፣ ዜማውም የአገሩ ነው፣ እናቶች ሥራ ላይ ሲሆኑ የሚያንጎራጉሩት ዓይነት። ወፍራሙ ክር እንደ ሽማግሌ ድምፅ ከሥር ያጉረመርማል፣ የተላሉት ከላይ ይመልሱለታል። አንገቱ ላይ ምንም አልተጫንኩም፣ ምንም አላስሮጥኩም። የመጀመሪያውን ዙር ብቻዬን ነበርኩ። በሁለተኛው ከዳሱ ጀርባ አንዲት አሮጊት ጀመሩ፤ ቀጥሎ የዲጋ ሴቶች ሁሉ። ጭብጨባው ሲነሳ የእኛ መዘምራን እንደ እንግዳ ከሁሉም ኋላ ገቡ። ቶለራ ከሁሉም በላይ ያጨበጭብ ነበር።

እናቴን ለማየት ፈራሁ። ምስጢራችን ይኸው በሕዝብ ፊት ወጥቷል፤ በክራር ያደገን እጅ ማንም አይስተውም። በስተመጨረሻ ስመለከታት ዓይኗን ጨፍና ትዘምራለች።

ሦስት ጊዜ አስደገሙን። ከዚያ አንጮቴ፣ የአገራችን ሥራሥር፣ በቅቤ ቀረበ፣ ሰው በየጥላው ተበታትኖ ሲበላ ኦቦ ጉተማ ወዳለንበት መጡ። ጊታሩ ይቆያል አሉ፣ ተቃውመው የነበሩትም ተስማምተዋል። አጎንብሰው የእንጨቱን ሥራ በጣታቸው ሲዳብሱ ቆዩና ጣታቸውን አሸተቱ። እኔን አዩኝ፤ ያን የምሳ ሽታ ያገኙት ይመስለኛል። ወደ ቶለራ ዞረው፣ "ቶለራ፣ የወንዶቹ ክር በሴት እጅ ዝም የሚል መስሎህ ነበር?" አሉት። ቶለራ አንጮቴውን አላምጦ እስኪውጥ ጠብቆ፣ "ኦቦ፣ እኔ ስይዘውም ብዙ አይናገርም ነበር" አለ።

ስንመለስ እናቴ ከሴቶቹ ተለይታ አጠገቤ መጣችና ጋቢውን ለመሸከም ተቀበለችኝ። የከተማው ጣሪያ ሲታይ፣ "ከአባትሽ ትበልጫለሽ። እንዳትነግሪው" አለችኝ።

ክሩ መቃኛው ሥር መበጠሱን ጽፈንለት ነበርና አዲስ ክር ከአስተማሪው ከደብዳቤ ጋር መጣልን። ደብዳቤው ላይ ክሩን በየቀኑ ማላላትና ማጥበቅ መቃኛው ሥር እንደሚያደክመው፣ የሚበጠሰውም በዚያ እንደሆነ ጽፏል። ደብዳቤውን ጮክ ብሎ ያነበበው ቶለራ ነው። ያን ጊዜ ተናዘዝኩ፤ ማላላቱንም፣ ቅቤውንም። ቶለራ ደብዳቤውን አጠፈው። "አንቺ በጠስሽው፣ እኔ ዓይኔን አተረፍኩ። ጥሩ ነው" አለና መቃኘት እንዳስተምረው ጠየቀኝ። ከሚቀጥለው ልምምድ ጀምሮ የወንድ ክር የሴት ክር የሚባል ነገር ቀረ፤ እሱ ግን መነጽሩን አልተወም። ማን ይፈርድበታል።

ይህን ሁሉ ለሲፈን ስነግራት ጣቶቿን ውሃው ውስጥ እንደነከረች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጣት የሚያመው ስላልለመደ መሆኑን፣ ጥቂት ሳምንት ታግሳ ብትቀጥል ጫፉ እንደሚጠነክርና ከጊታሩ ዋጋ ጋር እንደማይገናኝ ነገርኳት። ይህን የተማርኩት በኋላ፣ እኔም በወጉ መጫን ስጀምር ነው። ከዚያ ጊታሩን ጭኔ ላይ አቆምኩት። አያያዜ ስህተት ነው አለችኝ፣ ከስልኳ ላይ ሥዕል አሳየችኝ። ትክክል ናት። ቀጭኗን ክር ትርፍ ናት ብዬ ተውኳት፣ አምስቱን እንደ ዲጋው ቃኘሁና ያንን መዝሙር አወጣሁላት። ስልኳን አስቀመጠች።

ማታውን ክሮቹን ወደ ቦታቸው ትመልሳለች ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ ሳገኛት ጊታሩን ጭኗ ላይ ቀጥ አድርጋ አቁማ፣ የላላባትን ወፍራም ክር እያዳመጠች መቃኛውን ታዞራለች። ክሩ አቃሰተ። እሷም ፈርታ እጇን ሰበሰበችና ወደ እኔ አየች።

"ቀስ" ልላት አፌን ከፈትኩ። "ጠበቅ አድርጊው" አልኳት።