የእህቴ ዳጉሳ

ልጅ ሳለሁ፣ አሰላ ውስጥ ዳቦ የማይስማማው ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ከከተማው ወጣ ሲሉ እስከ ዲክሲስ ድረስ የሚታየው ስንዴና ገብስ ነው። ቁርሳችን ዳቦ፣ መክሰሳችን ቆሎ፣ እንጀራችን እንኳ ገብስ የተቀላቀለበት ነበር። ታናሽ እህቴ ሜሮን ግን በበላች ቁጥር ሆዷ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይይዛታል። እጅና እግሯ ከመቅጠኑ የተነሳ በስድስት ዓመቷ የአራት ዓመት ልጅ ትመስል ነበር። እናቴ ጸበልም ጤና ጣቢያም ስታመላልሳት ከረመች። በመጨረሻ ሆስፒታል ያገኘነው ሐኪም መርምሯት፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ነገር አንጀቷን እንደሚጎዳው ነገረን። «ለቅምሻ እንኳ እንዳትሰጧት» አለ።

ያን ቀን እናቴ ከቤት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ቤት ስትመላለስ ዋለች። «እዚህ አገር ስንዴ ያልበላች ምን ልትበላ ነው?» ትላለች ለራሷ። መላ ያመጡልን ጎረቤታችን አባባ ሁሴን ናቸው፤ ጢቾና ጎበሳ ገበያ እየወጡ እህል ሲነግዱ ያረጁ ሰው ነበሩ። አንድ ቁና ዳጉሳ በከረጢት ይዘው መጡ።

«ይሄ ከስንዴ ጋር ዝምድና የለውም» አሏት እናቴን። «አጥንትም ያጠነክራል። ወፍጮ ቤት ግን እንዳትወስጂው፤ እዚያ የስንዴ ዱቄት ይገባበታል።»

እናቴም እየለቀመች፣ እያጠበች፣ ፀሐይ ላይ እያሰጣች፣ አመስ አመስ አድርጋ በእጅ ወፍጮ ትፈጨው ጀመር።

ያኔ አባባ ሁሴን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ብቅ ይሉና ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጡ ነበር። መብራት በጠፋ ቀን ኩራዝ እናበራለን፤ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን እናቴ በፈላው ውሃ ላይ ዱቄቱን እየነሰነሰች ታገነፋለች፣ እሳቸው ተረት ያወራሉ። ገንፎው እንደ አርሲ ጭቃ የጠቆረ ስለነበር ሜሮን መጀመሪያ ጠልታው ነበር፤ ኋላ ግን ተረቱ እስከቀጠለ ድረስ ትጎርሳለች፣ ተረቱ ሲቆም አፏን ትዘጋለች። አባባም ይህን ስላወቁ ገንፎው እስኪያልቅ ተረቱን ያስረዝሙት ነበር። ወር ሳይሞላ ሆዷ ጎደለ፣ ጉንጯም ሞላ አለ።

ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ዳቦ ስበላ ቆማ ታየኛለች፤ አትጠይቀኝም። ያ አስተያየቷ እረፍት ነሳኝና አንድ ቀን ከአጥሩ ጀርባ ወስጄ ቆርሼ ሰጠኋት። ምንም አልሆነችም። ስለዚህ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ሰጠኋት። በአራተኛው ቀን ሆዷን ይዛ አጎነበሰች፤ ሳምንቱን ሙሉ ያስመልሳት፣ ያስቀምጣት ነበር።

«ዳጉሳውም አልሆነላትም» አለች እናቴ። ዓይኗ ከእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «የተረፈውን ለጠላ አደርገዋለሁ።»

መቀመጥ አቃተኝ። ያልታዘዝኩትን ውሃ ቀዳሁ፣ የተጠረገውን ወለል እንደገና ጠረግኩ፤ በር ላይ ወጥቼ እመለሳለሁ። በዚያው ምሽት አባባ ሁሴን መጥተው፣ ሜሮን ተኝታ ስላገኟት ተረቱን ለእኔ አወሩልኝ። ጎተራ ውስጥ እህል ጠፋ አሉ። ስንዴውም፣ ገብሱም፣ ባቄላውም ተሰብስበው ማን ሰረቀ ሲባባሉ፣ ጠቆር ያለውና ዝምተኛው ዳጉሳ ነው ብለው ፈረዱበትና ወደ ድንጋያማው መሬት አባረሩት። የበላችው አይጥ ግን ጥግ ላይ ሆና ሁሉን ትሰማ ነበር።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ምን አለ ኢንታላኮ፣ ልጄ፤ ዝም አለች። ዳጉሳውም እንደተባረረ ቀረ።»

ሌላ ጊዜ በተረታቸው መጨረሻ ጥፋተኛው ይያዝ ነበር። ያን ቀን ማንም አልተያዘም። ፍሙ ላይ እንዳፈጠጥኩ፣ «እማዬ፣ ዳቦ የሰጠኋት እኔ ነኝ» አልኩ።

እናቴ ማማሰያውን እንደያዘች ቆመች። ትመታኛለች ብዬ ነበር። «ስንት ጊዜ?» ብቻ አለች።

«ሦስት ጊዜ።»

መሬት ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። አባባ ሁሴን ለማናችንም አልፈረዱም፤ ከረጢቱን ከጠላው ጋን አጠገብ አንስተው ወደ ምድጃው አቀረቡት። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ውሃ ጣደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክታገግም ድረስ እኔም ዳቦ ተውኩ፤ ከአንድ ሳህን ዳጉሳ እንበላ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ሜሮን ሩጫ ትቀድመኝ ጀመር።

አሁን ሁለታችንም የየራሳችን ቤት አለን። ባለፈው ዓመት ልትጠይቀኝ መጥታ ገንፎ እያገነፋሁላት፣ ዘመኔን ሙሉ ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኳት። «ሐኪሙ ሲናገር እኮ ሰምተሻል። ለምን ተቀበልሽኝ?»

«ስትሰጪኝ ደስ ይልሽ ነበር» አለችኝ፤ «እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

ጥፋቴ ዳቦውን በእጄ መስጠቴ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያቺ የስድስት ዓመት ልጅ እንደሚያማት እያወቀች ለእኔ ስትል እንደዋጠችው ካወቅሁ ወዲህ ግን፣ የማበላውን ሰው ፊት ደጋግሜ ሳላይ መቀመጥ አልችልም።