ያልለካኋት አራት ሚሊ

ሞተር ማንም አላስተማረኝም። በራሴ ፈትቼ፣ በራሴ ገጥሜ፣ ብሎን ሲተርፈኝም ከየት እንደ ወጣ በራሴ ፈልጌ እያገኘሁ ነው የተማርኩት። ሰርተፊኬት የለኝም። ሰርተፊኬት ያላቸው ሰዎች ግን መኪናቸው ሲቆም እየጎተቱ ወደ እኔ ያመጡታል። ጁባ ውስጥ የናፍጣ ሞተር ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ካለ እስካሁን አልተዋወቅንም።

ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ያን ሳምንት ለምን እንደዚያ እንደ ተንገበገብኩ እንዲገባችሁ ነው።

እዚህ ከተማ ውስጥ የምጠላት አንዲት ቃል አለች፤ «ሳዋ ሳዋ»። ያው ነው፣ አንድ ነው ማለት ነው። የአንዱን መኪና ፊልትሮ ለሌላው በግድ ሲገጥሙት ሳዋ ሳዋ ነው። የናፍጣውን ዘይት ለቤንዚኑ ሲሞሉትም ሳዋ ሳዋ ነው። ያችን ቃል ጠዋት ከሰማሁ ምሳ አይበላልኝም።

የሚኒባሱ ባለቤት የዚሁ አገር ሰው ነው። ጋምቤላ ስላደገ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም፤ ወደ ጁባ አረብኛ የሚሻገረው ሲናደድ ብቻ ነው። በየጠዋቱ ከጉዴሌ ተማሪዎች እየሰበሰበ ካቶር ትምህርት ቤት ያደርሳል። ሞተሩ የሞተበት ትምህርት ለእረፍት በተዘጋበት ሰሞን ነበር።

«ጋሼ፣ ሰኞ ይከፈታል» አለኝ። «ሰኞ በራቸው ላይ ካልተገኘሁ ሌላ መኪና ይይዛሉ። እኔ ደግሞ ሌላ ሥራ የለኝም።»

«ሰኞ ታደርሳቸዋለህ» አልኩት። እኔ ካልኩ አልኩ ነው።

ሞተሩን ስፈታው ኮሎዶካው ተበልቷል። ኮሎዶካ፣ የዛሬ ልጆች ክራንክሻፍት የሚሉት፣ ፒስቶኖቹን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመላልሰው ጠማማ ዘንግ ነው። ሰውየው ጁባ ታውን ካለው የብረት መላጫ ቶርኖ ቤት ወስደን እናስላጨው፣ የቀጠነውን ያህል ወፈር ያለ ብሮንዚና፣ ዘንጉን የሚያቅፈውን ቅርፊት፣ እናስገባበት አለኝ።

«የተላጨ ኮሎዶካ አልገጥምም» አልኩት። «መላጨት ለጢም ነው።»

በጣም ሳቀ። እኔም በራሴ ቀልድ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ሌላ ኮሎዶካ ፍለጋ ስወጣ ዝናብ ጥሎ የጉዴሌ መንገድ ጭቃ ሆኖ ነበር። ያን ከባድ ብረት ታቅፌ በሞተር ብስክሌት ልሄድ አልቻልኩም። ስለዚህ ልኬቱን ካርቶን ላይ ጻፍኩ፤ ርዝመቱን፣ የአንገቶቹን ውፍረት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት፣ ሌላም ሌላም። የመለዋወጫ ሱቁ ስደርስ አንዱን ኮሎዶካ ከክምሩ አስወጥቼ አሥራ አንድ ቦታ በመለኪያዬ፣ በካሊፐሬ፣ ለካሁት። ባለ ሱቁ «ሳዋ ሳዋ» ብሎ ሲጀምር በእጄ ዝም አስባልኩት። አሥራ አንዱም ልኬት ፀጉር አላሳለፈም። የሰው ሥራ እንዲህ ነው ብዬ በሱቁ ፒክአፕ አስጭኜው ተመለስኩ።

አሥራ ሁለተኛውን አልለካሁም።

አሥራ ሁለተኛው ስትሮክ ነው፤ ፒስቶኑ ከታችኛው ጫፍ ተነስቶ ላይኛው እስኪደርስ የሚሄደው መንገድ። የሚወስነው የኮሎዶካው ክርን ከመሃሉ ምን ያህል ወጣ ማለቱ ነው። ለምን አልለካሁትም? አሥራ አንዱ ገጥሞ አሥራ ሁለተኛው የከዳኝ ቀን በአርባ ዓመት ውስጥ ስላልነበረ።

ዓርብ ከሰዓት ኮሎዶካውን በቦታው አስቀምጬ አንድ ፒስቶን ብቻ ከኮሎዶካው ከሚያገናኘው ክንድ፣ ከቢየላው፣ ጋር ገጠምኩና በእጄ አዞርኩት። ፒስቶኑ መጣ፣ መጣ፣ ከብሎኩ ፊት አልፎ ቆመ። በአውራ ጣቴ ጥፍር ነካሁት። ጥፍሬ ተደናቀፈ። ትንሽ ብቅ ማለት ያለ ነው፤ ይህ ግን ብቅ ማለት ሳይሆን ጎረቤት መጠየቅ ነው።

ስትሮኩን በካሊፐሩ ጭራ ከላይና ከታች ለካሁ፤ ዘጠና ስድስት ሚሊ። አሮጌውን ኮሎዶካ ከጥግ አወጣሁና በሁለት ብረት ላይ አስተኛሁት፤ ክርኑን ወደ ላይ አድርጌ ከፍታውን ለካሁ፣ ግማሽ ዙር አዙሬ ደግሞ ለካሁ፣ ልዩነቱን ወሰድኩ። ዘጠና ሁለት። እንደገና ለካሁ። ዘጠና ሁለት። መነጽሬን ጠርጌ ለካሁ። ብረት ሰው አያፍርም።

በዚህ መሃል ኢንጂነሩ ደረሰ። አንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ያገሬ ልጅ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ጋራዤ መጥቶ ወንበር ስቦ ይመክረኛል። ምክር ጠይቄው አላውቅም። የሚኒባሱም ባለቤት ከአጠገቡ ቆሟል።

ኢንጂነሩ አየና ስልኩ ላይ ሒሳብ ሠራ። «ልዩነቱ አራት ቢሆንም ግማሹ ወደ ታች ነው የሚሄደው ጋሼ። ላይ የሚጨምረው ሁለት ሚሊ ብቻ ነው። ከሞተሩ ክዳን ሥር ያለውን ጋስኬት ይደርቡት።»

«ብቻ?»

«ሁለት ሚሊ ምን አላት?»

«ዓይንህ ውስጥ ትግባና ንገረኝ።»

የሚኒባሱ ባለቤት አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። «እና ይሆናል ማለት ነው? ሳዋ ሳዋ ነው?»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ነገሩ ፈተነኝ። ጋስኬት ብደርብ ሞተሩ ይነሳል። ሰኞም ይነዳል። ኮሎዶካውን የመረጥኩት እኔ መሆኔን ማንም አያነሳም። ቆይቶ ሲፈነዳ ደግሞ ናፍጣው ቆሻሻ ነበር ይባላል፤ ጁባ ውስጥ ሁሉ ነገር በናፍጣ ይላከካል። ግን መኪናው የሚፈነዳው የሰው ልጆች ጭኖ ነው።

ከጎኔ ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ ወደምትጋግረው ሴት ሄድኩና ሊጥ ለመንኳት። የሎሚ ፍሬ የምታህል ቆርሳ ሰጠችኝና ዙሪያዋ ለተቀመጡት ደንበኞቿ ተናገረች፤ «ሽማግሌው ደግሞ ዛሬ ብረት ሊያበላ ነው።» ሁሉም ሳቁ።

ክፍተቱን እንዲለካልኝ ሊጡን ዘይት ቀብቼ ፒስቶኑ አናት ላይ ለጠፍኩ። ኢንጂነሩ እንዳለው ጋስኬት ደረብኩ፣ ክዳኑን፣ ቴስታታውን፣ ጫንኩና አሰርኩት። ከዚያ ኮሎዶካውን ቀስ ብዬ አንድ ዙር አዞርኩ። ፈትቼ ቴስታታውን ሳነሳ ሊጡ እንደ ሲጋራ ወረቀት ሳስቶ፣ በአንድ በኩል ብረቱ ታይቷል።

«ይኸው የአንተ ሁለት ሚሊ» አልኩት። «ይህ በብርድ ነው። ሞቆ ብረቱ ሲለጠጥ በደቂቃ ሦስት ሺህ ጊዜ ይቀጠቅጠዋል።»

ኢንጂነሩ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ባለቤቱ ግን ሊጡን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

«ጋሼ፣ ይህን ኮሎዶካ ማነው የመረጠው?»

ሴትዮዋ እንኳ ማገላበጡን ያቆመች መሰለኝ።

«እኔ» አልኩ። «አሥራ አንድ ቦታ ለክቼ አንዱን ዘለልኩ።»

«እና ሰኞስ?»

«አሮጌውን እናስላጨዋለን።»

በአረብኛ አንድ ነገር አጉተመተመ፤ እንዲተረጎምልኝ አልጠየቅሁም። ከዚያ በአማርኛ «መላጨት ለጢም አልነበረም እንዴ?» አለኝ። አሮጌውን ኮሎዶካ በጆንያ መጠቅለል ጀመርኩ።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቶርኖ ቤት ቆምኩ። ሠራተኛው «ሂድና ነገ ና» ቢለኝም አልሄድኩም። እያንዳንዱን አንገት ላጭቶ ሲጨርስ ካሊፐሬን አስገብቼ እለካ ነበር፤ በመጨረሻ «አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ የምሠራው?» አለኝ። «ሁለታችንም» አልኩት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ወፍራሙን ብሮንዚና አስገብቼ ገጠምኩ፣ ስትሮኩን በአራቱም ፒስቶን ለካሁ፣ የቀረውንም ሊጥ ለማረጋገጫ ጨረስኩት። አመሻሹ ላይ በሁለተኛው ቁልፍ ተነሳ።

ኢንጂነሩ አሁን በየሆቴሉ «አሮጌውን አስላጩት ብዬ የመከርኳቸው እኔ ነኝ» ይላል አሉ። እሱ የመከረኝ ጋስኬት እንድደርብ ነው። ቶርኖ ቤቱን መጀመሪያ ያነሳው ባለ ሚኒባሱ ነው፤ ያሾፍኩበት እኔ ነኝ፤ ስህተቱን በጥፍሩ ያገኘውም እኔ ነኝ። ስህተቴን የሚያገኝ ሌላ ሰው ጁባ ውስጥ ስለሌለ ያው ለራሴ መተው ነበረበት።

ሰኞ ገና ሰማዩ ሲቀላ ሚኒባሱ ልጆች ጭኖ ጋራዤ በር ላይ ቆመ። ባለቤቱ በመስኮት ብቅ አለ።

«የተላጨው እንዴት አደረ አይሉኝም?»

«አልልህም» አልኩት። ከፊት ወንበር የተቀመጡትን ሁለት ልጆች ግን አስነሳኋቸው፤ ሞተሩ ከሥራቸው ነው። ወንበሩን ገልጬ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ይዘገያሉ።»

«ይዘግዩ» አልኩና ጥቂት ደግሜ አዳመጥኩ።