ባዶ ያልሆነው አልጋ

ክረምት ሲገባ ጠፍር ይሸታል። ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላና ያ ከብት ከብት የሚል ጠረኑ ቤቱን ይሞላዋል። የአሶሳ ዝናብ ደግሞ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ዛሬ ከሰዓት ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ቁጭ ብዬ የአክስቴን አልጋ ጠፍር ስወጥር፣ ሽታው አንስቶ ባምባሲ አጠገብ ያለው የሰፈራ መንደራችን ወስዶ ጣለኝ።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። በደርግ ጊዜ ከወሎ ስንመጣ ገና ያላገባች ነበረች። አልጋው የተሠራው ለሠርጓ ነው። ጎረቤታችን የነበረ አንድ የበርታ አናጢ እግሮቹንና ቋሚዎቹን ከጠንካራ እንጨት ጠረበላት፤ ጠፍሩን የወጠረችው ግን ራሷ ናት። ቆዳውን ውሃ እየነከረች፣ እግሯን ከእንጨቱ ጋር ተክላ፣ ወደ ኋላ ተለጥጣ ትስበው ነበር። ጠፍሩ ሲጢጥ ባለ ቁጥር ትስቃለች። እንደዚያ ስትስቅ ደግሜ አላየኋትም።

ሠርጉ ሳይደርስ እኔን ወባ ጣለኝ። ያኔ ድምፄ መጎርነን የጀመረ ጎረምሳ ነኝ። ሁላችንም የምንተኛው መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈን ነበር። አክስቴ ማንንም ሳታማክር አንስታ አዲሱ አልጋ ላይ አስተኛችኝ። እናቴ፣ ሙሽራ ያልተኛበት አልጋ ላይ እንዴት በሽተኛ ይተኛል ብላ ተቆጣቻት።

«መሬቱ ልጅሽን ሲመጠው እያየሽ ነው ሠርግ የምታወሪኝ?» አለቻት አክስቴ።

ሙቀቴን የምትለካው ግንባሬን ነክታ አልነበረም። ከአልጋው ግርጌ ትቀመጥና ውስጥ እግሬን በሁለት መዳፏ ትይዘዋለች። «ተሻለህ?» ትለኛለች። አልተሻለኝም ስላት «አብሽር» ትላለች። ሲብስብኝ የመንደሩ ወንዶች አልጋውን ከነእኔ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ሰማዩ ከላዬ ሲወዛወዝ፣ የማንጎ ቅጠል ፊቴን እየዳሰሰኝ ሲያልፍ ትዝ ይለኛል። እሷ ከግርጌ በኩል እየሮጠች ነበር፤ እግሬን አልለቀቀችውም።

እኔ ስነሳ አያቴ ተኛች። ከአያቴ በኋላ ታናሽ አጎቴ፤ እሱ ሲነሳ ደግሞ ሚስቱ ልትወልድ። አክስቴ ከአልጋው ስር ቁርበቷ ላይ ናት። አንድ ቀን ያጫት ሰው ጃንጥላውን ይዞ መጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። ክፉ ሰው አልነበረም። እየሳቀ፣ «አልጋሽ ባዶ ሲሆን ላኪብኝ» አላት።

«እልክብሃለሁ» አለችው።

አልጋው ባዶ አልሆነም። ሰውዬው ጠብቆ ጠብቆ ሌላ አገባ። ወልዶ ከብዶ፣ ካቻምና ሞተ ሲባል ሰማሁ።

ዘመዶቼን አልምራቸውም። ሁሉም እዚያ አልጋ ላይ ድነው፣ ተነስተው ሄዱ። እዚያው ላይ የተወለደው የአጎቴ ልጅ አሁን ግድቡ ላይ ይሠራል። ስለ እሷ ልነግረው ስደውል «ኔትወርክ የለም» ይለኛል። ኔትወርክ ከሌለ እንዴት ሰማኸኝ ስለው ይዘጋዋል።

አክስቴን አሶሳ እኔ ቤት ካመጣኋት ወዲህ ነገር ሁሉ ጠፋባት። ስሜንም ረሳችው። ሐኪሙ የእርጅና መርሳት ነው፣ የሚመልስላት መድኃኒት የለም አለኝ። ሳምባዋ ግን ተጎድቷል፤ መሬት ላይ ከተኛች ክረምቱን አትወጣውም አለ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በማታ ትምህርት ነው። ማንበብ የቻለ ሰው መላ አያጣም የሚል ሞኝነት ነበረብኝ። ያን ዕለት ሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አነበብኩ። ለእሷ የሚሆን አንድ ቃል አጣሁ።

የስፖንጅ ፍራሽ ያለው አልጋ ገዛሁላት፤ አልተኛበትም አለች። የራሷ ቢሆን ይሻላል ብዬ የጠፍሩን አልጋ ከባምባሲ በአይሱዙ አስመጣሁት። ገና ሲወርድ አወቀችው። በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ተመስገን አልኩ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቁርበቷን ከስሩ አነጠፈችና ቀና ብላ አየችኝ።

«በሽተኛው የታለ?»

በሽተኛዋ አንቺ ነሽ አልኳት። ሳቀችብኝ። አቅፌ ባወጣት፣ የሰው አልጋ ላይ ምን አደርጋለሁ እያለች፣ እያለቀሰች ወረደች። ለመንኳት፤ ተቆጣኋት። ቁርበቱን ብደብቅባት ባዶ መሬት ላይ ተጋደመች። ሳሏ ከዝናቡ ጋር እየባሰ ሄደ።

ዛሬ ጠፍሩን ወጥሬ ስጨርስ እሷ እንደለመደችው መሬት ላይ ነበረች፤ ደረቷ ይንኳኳል። የማደርገው ጠፋኝ። ጫማዬን አወለቅሁና፣ ይህን የማክል ሽበታም ሰውዬ፣ አልጋው ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ጠፍሩ ሲጢጥ አለ። አክስቴ ቀና አለች። ስታየኝ ፊቷ በራ። እየተቻኮለች ተነሳች፤ ቁርበቷን ጥላ፣ ከግርጌዬ ወጥታ ተቀመጠችና ውስጥ እግሬን በሁለት መዳፏ ያዘችው። መዳፏ በረዶ ነበር። ጋቢዬን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት፤ አልከለከለችኝም።

«ተሻለህ?» አለችኝ።

ተሻለኝ ካልኩ መነሳቴ ነው። ከተነሳሁ ወደ መሬቷ ትወርዳለች።

«ገና ነኝ» አልኳት።

«አብሽር» አለችኝ፣ እግሬን እያሸች። «አልጋው ባዶ ሲሆን እልክበታለሁ። እሱ እንደሁ ይጠብቃል።»