የንጎንግ ዳገትና የእናቴ ቻፓቲ

ባለፈው ቅዳሜ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ልጄ ሊዲያ ከንጎንግ ተራራ ተመልሳ ሄልሜቷን ሶፋው ላይ ወረወረችና የጀርባ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። የውኃ ኮዳ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ ጭቃ የነካው ካልሲ ወጣ። ከዚያ ሦስት ሰማያዊ የአስም ኢንሄለሮችን ጎን ለጎን አቆመች።

«ዳድ፣ ሲሪየስሊ? ሦስት?» አለችኝ። «አንዱ የራሴ ነው። ሁለተኛው ያንተ ነው፤ ሁልጊዜ የጎን ኪስ ውስጥ እንደምትከት አውቃለሁ። ይሄኛውስ? ከምሳዬ ጋር ተጠቅልሎ ነው ያገኘሁት። ልነክሰው ነበር እኮ!»

ሊዲያ እዚህ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር ያለ ቢሮ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባልደረቦቿ ጋር ሃያ አንድ ማርሽ ባለው ብስክሌት ዳገት ትወጣለች። አስሙን የወረሰችው ከእኔ ነው። ሌላ የማወርሳት ሀብት ስላልነበረኝ ይሆናል።

ሦስተኛውን ግን እኔ አላስቀመጥኩም። ባለቤቴ ሞምባሳ እኅቷ ዘንድ ከሄደች ሳምንት አልፏታል። ቤት ውስጥ የቀረችው እናቴ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ጉልበቷን እያመማት ከሦስተኛ ፎቅ ከወረደች ወራት ተቆጥረዋል፤ የእሑዱን ስብከት እንኳ በስልክ ነው የምትሰማው። መስኮቱ አጠገብ ወንበሯ ላይ ዐይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። የእውነት ተኝታ ይሁን አላውቅም። ብቻ ኢንሄለሩን አንስቼ ነቅነቅ ሳደርገው አዲስና ሙሉ ነበር፤ ያን ጊዜ እኔም በልጄ ዕድሜ ሳለሁ የወጣሁት ዳገት ትዝ አለኝ።

በልጄ ዕድሜ አልኩ እንጂ ገና አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴና እኔ በስደት ናይሮቢ ከገባን ሦስት ዓመት ሆኖናል። እሷ ሁርሊንግሃም ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች፤ እኔ ኮምፒዩተር እየተማረ ነው እየተባልኩ ብዙውን ቀን ብስክሌት ላይ አሳልፋለሁ። ብስክሌቷ ኬንያውያን ብላክ ማምባ የሚሏት ዓይነት ናት፦ ጥቁር፣ ብረቷ ወፍራም፣ ማርሽ የሚባል ነገር የማታውቅ። አስም ላለበት ሰው ከዚያ የባሰ ብስክሌት አልተሠራም። ግን እወዳት ነበር። ሜዳ ላይ እግሬና ትንፋሼ ተስማምተው ሲሄዱ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ጎረምሳ የምሆነው እሷ ላይ ብቻ ነበር።

የናይሮቢን ሐምሌ የማያውቅ ሰው ኬንያ ሁሉ በረሃ ይመስለዋል። ጠዋት ጭጋግ፣ ቀን ካፊያ፣ ካሳራኒ ሰፈር ከተከራየናት አንዲት ክፍል ውጭ ደግሞ የጎረቤት ሁሉ የከሰል ጭስ። በዚያ ሐምሌ ደረቴ ሲር ሲር ማለቱን ሊያቆም አልቻለም። ቤተ ክርስቲያናችን፣ ኬንያውያኑ አምልኳቸውን ጨርሰው ሲወጡ በምንከራየው አዳራሽ የሚሰበሰበው ጉባኤ፣ የጸሎት ሳምንት አውጆ ነበርና ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ደረቴ ላይ ጭነው ጸለዩልኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ሲጸልዩ እጃቸው ይሞቃል። ደረቴ ሲከፈት ተሰማኝ፤ ይህን ዛሬም አልክድም። ያን ሳምንት እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ጥፋቴ የተጀመረው እሑድ ለምስክርነት ስወጣ ነው። «ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን» ብዬ ጀመርኩ። ጌታ እንደነካኝ ስናገር እልልታው ቀለጠ። እልልታ ደግሞ ለጎረምሳ ጥሩ አይደለም። አፌ ከእኔ ቀድሞ ሄደና «ከዛሬ ጀምሮ ይሄ አያስፈልገኝም!» ብዬ ኢንሄለሬን ከኪሴ አወጣሁ፤ በጉባኤው ፊት ሄጄ እናቴ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ከሁሉም አስበልጣ እልል አለች፤ ኢንሄለሩንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ቢኖር፣ ሊያልቅ ምንም ያልቀረው መሆኑን ነው። ብነቀንቀው እንኳ ድምፅ አልነበረውም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሳሉ ተመለሰ። ትራስ ነክሼ እስላለሁ፤ እናቴና እኔን የሚለየን መጋረጃ ብቻ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «አመመህ እንዴ?» ብላ አልጠየቀችኝም። ባለመስማቷ ጌታን አመሰገንኩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጉባኤው ንጎንግ ተራራ ላይ የጸሎትና የሽርሽር ቀን አዘጋጀ። ትልልቆቹ ምግቡን ይዘው ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ በኮንትራት፣ ወጣቶቹ በብስክሌት ሊሄዱ ተወሰነ። «በረከት ከፊት ይምራን!» አለ አንዱ። ሁሉም አጨበጨበ። የተፈወሰው በረከት እኔ ነኝና እንዴት እምቢ ልበል?

ጠዋት ምግብ ቤቱ በር ላይ እናቴ አንድ ትንሽ ጥቅል አምጥታ ከኋላዬ የብስክሌቷ መጫኛ ላይ አሰረችልኝ።

«ሲርብህ ፍታው።»

«እማዬ፣ እላይ ምግብ አለ አይደል?»

«አለ። አንተ ግን ይሄን ከራስህ እንዳትለየው። ለማንም እንዳትሰጥ።»

ገረመኝ። እናቴ ለሰው አትስጥ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

መንገዱ እስከ ካረን ሰፈር ድረስ ደስ ይል ነበር። ባሕር ዛፍ ይሸታል፤ ከግቢዎቹ አጥር በላይ አበባ ተንጠልጥሏል፤ ከፊት ሆኜ መዝሙር እያስጀመርኩ ነበር። ዳገቱ የጀመረው የንጎንግን ከተማ ካለፍን በኋላ ነው። ከላይ ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፤ ከሥር አቧራው ተነሣ። መዝሙሩን መጀመሪያ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ቀጥሎ መቀመጫዬን ለቅቄ ቆሜ መርገጥ ጀመርኩ፤ ፔዳሉ አልወርድ አለ። ጓደኞቼ አንድ በአንድ አለፉኝ።

«በረከት፣ ሰላም ነው?»

«ካቴናዬ ነው! ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ!»

ካቴናዬ ደህና ነበረች። ደረቴ ነው የተዘጋው። አየር ማስገባቱስ ይሁን፣ ማስወጣቱ ጭራሽ እምቢ አለኝ። ብስክሌቷን መንገድ ዳር ጥዬ ስንበረከክ ከሥር የማታቱ ድምፅና የእናቶች መዝሙር ተሰማኝ። ያን ጊዜ ያደረግሁትን ዛሬ ሳስበው እንዴት እንደተረፍኩ ይገርመኛል፤ ብስክሌቷን ጎትቼ ግንዱ ከወፈረ ዛፍ ጀርባ ተደበቅሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ግን የፈራሁት መሞትን ሳይሆን መታየትን ነው። ማታቱው ሲያልፍ እናቴ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ወደ ፊት ስትመለከት አየኋት። ከፊት ካሉት ጋር የወጣሁ መስሏት ትፈልገኛለች።

«ኡናጂፊቻ?» አለኝ አንድ ድምፅ። በስዋሂሊ፣ ትደበቃለህ እንዴ? ማለቷ ነው። ለካ እዚያው ዛፍ ሥር በቆሎ የምትጠብስ ሴት አለች። መልስ መስጠት እንዳቃተኝ ስታይ ማራገቢያዋን ጥላ መጣች። «ፖሌ፣ ፖሌ»፣ አይዞህ፣ እያለች ጀርባዬን ዳበሰችኝና ውኃ ብታገኝ ብላ ጥቅሌን ፈታችው። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ቻፓቲ በሚሉት ስስ ቂጣ የተጠቀለለ ድንች ወጥ። ሁለተኛው ቻፓቲ ግን ድንች አልነበረበትም። ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ ኢንሄለር ነበር።

ነቀነቅሁት። ሙሉ ነበር። እኔ የሰጠኋት አይደለም፤ አዲስ ነው።

ሁለቴ ሳብኩ። ዛፉን ተደግፌ ቆይቼ እንደገና ሳብኩ። ደረቴ ቀስ እያለ ሲለቀኝ እንባዬ መጣ፤ ሴትዮዋ ከሕመሙ መስሏት በቆሎ ቆርሳ ሰጠችኝ። ያለቀስኩት ግን ከመጋረጃው ማዶ ሁሉንም ሌሊት ስትሰማኝ እንደነበር ስለገባኝ ነው።

የቀረውን ዳገት ብስክሌቷን እየገፋሁ ወጣሁት። እናቴ ከሰዎቹ ተለይታ መንገዱ አፍ ላይ ቆማ ቁልቁል ታያለች። ጋሽ ታደሰ ሲያዩኝ እጃቸውን ዘርግተው «በረከትም ወጣ! ጌታ ይክበር!» አሉ። እልልታው አስተጋባ። እናቴ እልል አላለችም። የምታየው ደረቴን ነው።

ዝም ብል ያልፍልኝ ነበር። ግን ዝም ካልኩ እናቴ ለእኔ ክብር ስትል ዕድሜዋን ሙሉ መድኃኒት በቻፓቲ ስትደብቅ ልትኖር ነው። ይህ ከሁሉ በላይ አሳፈረኝ። ኢንሄለሩን አውጥቼ ወደ ላይ ያዝኩት።

«የወጣሁት በዚህ ነው» አልኩ። «ያን እሑድ ቸኩዬ ነው የተናገርኩት። ይቅርታ።»

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«ልጄ፣ እኔ ይሄን ሳላደርግ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ካቃተኝ ሃያ ዓመት ሆነኝ» አሉ። «ጌታ አንድ ቀን እንኳ ታደሰ አውልቀው ብሎኝ አያውቅም። ና፣ ቅረብና ብላ።»

ዶሮ ወጡ በዚያ ቅዝቃዜ እንደዚያን ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። ከምሳ በኋላ አንዲት እኅት ወደ እናቴ ጠጋ ብላ የደም ግፊት ኪኒኗን መታጠቢያ ቤት ተደብቃ እንደምትውጥ ሹክ አለቻት። ያን ቀን ግን እዚያው በሰው ፊት ዋጠችው፤ እናቴ ናት ውኃ የቀዳችላት።

ስንመለስ ብስክሌቷን ማታቱው ጣሪያ ላይ አስረን ከእናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ እንደዚያ እልል ብለሽ በማግስቱ ፋርማሲ ሄድሽ?»

«በማግስቱ አይደለም። በዚያው ቀን ነው።»

«ታዲያ እልልታው ምን ነበር?»

«እልል ያልኩት ስለተነፈስክ ነው» አለች። «ጌታ በጸሎት ይስጥህ በፋርማሲ፣ እሱን ከእሱ ጋር ተነጋገር።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚህች የተመቸኝ ግን የለም። ዛሬም እጸልያለሁ፣ ዛሬም ኢንሄለሬን እስባለሁ፤ ሁለቱ ተጣልተውብኝ አያውቁም።

ይህን ሁሉ ለሊዲያ ነገርኳት። ሰምታ ስታበቃ ወደ አያቷ ዞረች። እናቴን እንደ ናይሮቢ ልጆች ሾሾ ነው የምትላት።

«ሾሾ፣ አንቺ ነሽ?»

«ተኝቻለሁ» አለች እናቴ ዐይኗን ሳትገልጥ።

በሩ ሥር የእናቴን ጫማ አየሁት። የአርቡ ዝናብ ቀይ ጭቃ ደርቆበታል። ፋርማሲው ከፎቃችን ምድር ቤት ነው፤ መግቢያው ግን በውጭ በኩል ነው፤ ሊፍትም የለንም። ሊዲያም ዐይኔን ተከትላ አየችው።

«ሦስት ፎቅ ወርደሽ ወጣሽ? በዚህ ጉልበትሽ?»

«አንቺስ ንጎንግን ትወጪ የለም እንዴ?»

ሊዲያ ሦስቱንም ኢንሄለሮች አንድ በአንድ አንስታ ወደ ቦርሳዋ መለሰቻቸው።