ቁይን የሰጠሁበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ በቤታችን ጨዋታ የሚያዘው መያዣ አገር ነበር፤ እኔ ያለኝም አንድ ብቻ ነበር፣ የምንኖርባት ትንሿ ከተማ ቁይ።

አያቴ ጨውና ጋዝ ይነግዱ ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሱቁን ዘግተው፣ ኩራዙን ዝቅ አድርገው ከፍሙ ዳር ሲቀመጡ ታላቅ ወንድሜ ሰይድና እኔ እንከባቸዋለን። ተረታቸው ሁሉ «በአንድ አገር» ብሎ ይጀምራል፤ የዚያ አገር ስም ግን አይነገርም። ያኔ «አገር» የሚለው ቃል ዕረፍት ይነሳኝ ነበር። «አገር አማን ነው?» ሲባል ሰላሙ ነው፣ «አገር ይታዘበን» ሲባል ሰዉ ነው፣ «አገሬ ገባሁ» ሲባል ደግሞ የገዛ ደጃፍ ነው። አንድ ቀን የጎረቤታችን ሚስት የሞተ ባሏን «አገሬ» እያለች ስታለቅስ ሰምቼ፣ ሰውም አገር ይሆናል ማለት ነው ብዬ ስገላበጥ አደርኩ።

ከተረቱ በኋላ እንቆቅልሽ ይመጣል። መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል። የሰፈር ልጆች አይተውት የማያውቁትን ሐረርን ሳይቀር ይሰጣሉ። የእኛ ቤት ደንብ ግን የነጋዴ ነበር፤ አያቴ «እግርህ ያልረገጠውን አትሰጥም» ይሉናል። ሰይድ ጭነት ተከትሎ ሉማሜንም፣ ደብረ ኤልያስንም፣ ደብረ ማርቆስንም ረግጧል። ቢሸነፍ አይጎዳም። እኔ ግን ከቁይ ገበያ ማዶ አልፌ አላውቅም።

አንድ ምሽት ሰይድ ወደ እኔ ዞረ።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ?»

«እግር የለው፣ አገር ያዞራል።»

«ንፋስ!»

«አይደለም።»

«ወሬ!»

«አይደለም። በል አገር ስጠኝ!»

«አባባ፣ ጎንደርን ልስጠው?» ብዬ አያቴን ለመንኳቸው።

«ጎንደርን የት ታውቀውና!»

ቁይን ሰጠሁ። ሰይድ ደረቱን ነፍቶ «ቁይ ገብቼ ምን አጥቼ! ማሩ ለእኔ፣ ሰፈፉ ለአንተ!» አለና መልሱን ነገረኝ። «ሆድ ነው፣ ሞኙ! ከነገ ጀምሮ እንግዳዬ ነህ፤ ውኃ ስትጠጣም አስፈቅደህ።»

አያቴ ሳቁ፤ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሲነጋ የግቢያችን አፈር የሰው ሆኖ ታየኝ። የገበያው የጭነት መኪና ሲመጣ አያቴን በልቅሶ አስፈቅጄ ተሳፈርኩ። ሉማሜ ስወርድ መሬቷን ደጋግሜ ረገጥኩና «የእኔ ነሽ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። ሳድግ ጨርቅ ይዤ፣ ኋላም እህል ጭኜ ለንግድ ዞርኩ፤ በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ ሱቅ ከፈትኩ። ሰይድ የአያታችንን ሱቅ ይዞ ቁይ ቀረ። ለኢድ በሄድኩ ቁጥር ከባንኮኒው ጀርባ «እንኳን ወደ አገሬ በደህና መጣህ!» ይለኛል።

«ቁይን መልስልኝ እንጂ!» እለዋለሁ።

«ጠይቀኝና እርታኝ።»

ከየከተማው የለቀምኩትን እንቆቅልሽ ሁሉ ጠየቅኩት። አንድም ቀን አልተሸነፈልኝም። አምና እዚያው ቁይ ቀበርነው።

በቅርቡ መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን ተቀምጠን ሳለ የልጅ ልጄ እንቆቅልሽ ትጠይቀኝ ጀመር። አላወቅኩም። ሉማሜን ሰጠኋት። ደግማ ረታችኝ፤ ደብረ ኤልያስን ሰጠኋት። እንዲህ እያለች ደብረ ማርቆስን ሳይቀር ወሰደችው።

«አባባ፣ ቁይ ቀርቷል እኮ!» አለችኝ።

«እሱ የእኔ አይደለም፣ የሰይድ ነው።»

«እሳቸው ሞተው የለ እንዴ?»

ትርፌን ሳሰላው ከአባይ በረሃ እስከ ጣና ዳር የረገጥኩት ሁሉ ነው። ኪሳራዬ አንድ ነው፤ እሱንም የሚመልስልኝ ሰው የለም።