ወደ ፊት የተሳበው ወንበር

የመኪና አስመጪው ጋራዥ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ ነው ያየኋቸው። ከአንዲት ትንሽ ቀይ መኪና አንድ መለሎ ሽማግሌ ወረዱ። ወረዱ ማለት ይከብዳል፤ ጉልበታቸውን በእጃቸው እያገዙ ከመሪው ሥር ጎትተው አወጡት እንጂ። የሹፌሩ ወንበር እስከ ጥግ ወደ ፊት ተስቧል።

ፋብሪካው «ሞተሯ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል» ብሎ ለማስተካከያ የጠራት መኪና ናት። መካኒኩ ኮምፒውተሩን ሰካባትና ሳቀ።

«ጋሼ፣ የሞተሩን ሶፍትዌር እርስዎ ነዎት ያስቀየሩት? ይቺማ ትበራለች!»

«ባለቤቴ ናት» አሉ፣ ኩራታቸውን መደበቅ አቅቷቸው። «ዳገት ላይ ሰው ሲቀድማት አትወድም።»

«የፋብሪካውን ስንጭን እሳቸው ያስቀየሩት ይጠፋል።»

የኮታቸውን ቁልፍ ሲፈቱ ሲቆልፉ ቆዩ።

«ትቆጣኛለች። ግን መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማ ከምትቀር ትቆጣኝ። ጫነው።»

ሥራው ሲያልቅ መካኒኩ አሳዘኑትና «ወንበሩን ወደ ኋላ ልግፋልዎ?» ብሎ ጎንበስ አለ። እጁን ያዙት።

«ተወው ልጄ፣ እሷ ናት ያስተካከለችው።»

«እሳቸው መቼ ነው የሚመጡት?»

የሐዘን ጥቁር ኮታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። እግራቸውን አጣጥፈው ገቡ። መስታወቱንም አልነኩትም፤ ኋላቸውን ለማየት በእሷ ቁመት ልክ ዝቅ አሉ።